ውሃው መውጫ ሲያጣ፦ የጓሮ መዋኛ ገንዳ ከበረዶ በፊት እንዴት ይዘጋል?



በአሜሪካ የሴፕቴምበር ወር የመጀመሪያው ሰኞ የሠራተኞች ቀን ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች፣ በሜይ መጨረሻ በራቸውን የከፈቱት የሕዝብ መዋኛዎች አብዛኞቹ በዚያ ሰሞን ይዘጋሉ። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነሐሴ 26 እስከ ጳጉሜ 2 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የሚኖረው ሐበሻ ለእንቁጣጣሽ ዶሮና ቅቤ ሲያስብ፣ አጥር የሚለየው ጎረቤቱ ስለ ገንዳው መሸፈኛ ያስባል። አንዳንዴም ሁለቱ ሐሳብ በአንድ ሰው ራስ ላይ ይወድቃል፤ ጓሮው ገንዳ ያለበት ቤት የገዛ ሐበሻም አለና።

ሶደሬ ወይም ጊዮን ሆቴል ውስጥ በፍል ውሃ ሲዋኝ ላደገ ሰው ገንዳን ለወራት መዝጋት እንግዳ ነገር ነው። እዚያ ውሃው ከመሬት ሥር ሞቆ ይመጣል፤ ዓመቱን ሙሉ ሲዋኙበት ይኖራሉ። ስለዚህ አዲሱ ባለቤት ሥራውን በሁለት መንገድ ሲገምተው ይታያል። አንዱ «ሸራ ጣል አድርጎ መተው ነው» ይላል። ሌላው «ውሃውን ጭልጥ አድርጎ አፍስሶ ባዶውን ማሳደር ነው» ይላል። ሁለቱም ግምቶች ኪስ ያራቁታሉ።

ብርድ ገንዳን የሚጎዳው ዓይን በሚያየው ሰፊ ውሃ በኩል አይደለም። ማንም በማያየው ጠባብ ቱቦ፣ በፓምፑ ሆድና በማሞቂያው ጥምዝምዝ ውስጥ በተረሳ ጥቂት ውሃ በኩል ነው። የዛሬው ዲስኩር ስለዚያ ጥቂት ውሃ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከውሃ ጠባይ ነው። አብዛኛው ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲጠጥርም ይበልጥ ይጠባል። ውሃም እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንደ ሌሎቹ ይሆናል። ከዚያ በታች ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ መስፋት ይጀምራል። ዜሮ ዲግሪ ላይ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይዘቱ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። መቶ ሊትር ውሃ ወደ 109 ሊትር በረዶ ይሆናል ማለት ነው።

በሰፊው ገንዳ ውስጥ ይህ ለውጥ ብዙ ጉዳት አያደርስም። 4 ዲግሪ የደረሰው ውሃ ከሁሉ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያ የቀዘቀዘው ከላይ ይቀራል፤ በረዶውም ከላይ ይጀምራል። በረዶ ስለሚንሳፈፍ ወደ ላይ ለመስፋት ሰማዩ ክፍት ነው። ከሥር ደግሞ መሬቱ ሙቀቱን ይለግሳል። ለዚህ ነው በሜሪላንድ ጓሮ ገጹ ላይ በረዶ የጋገረ ገንዳ ከሥሩ ፈሳሽ ሆኖ የሚከርመው።

ቱቦ ውስጥ ግን ሰማይ የለም። በቱቦው አንድ ቦታ ላይ በረዶ ሲጋገር እንደ ውታፍ ይሆናል። በረዶው እየረዘመ ሲሄድ ከፊቱ ያለውን ፈሳሽ ውሃ ወደተዘጋው ጫፍ ይገፋል፤ የተዘጋው ጫፍ ተዘግቶ የቆየ ቫልቭ ወይም የፓምፑ ሆድ ሊሆን ይችላል። መሄጃ ያጣው ውሃ ግፊቱ ይንራል፤ ከዚያም ቱቦው ይፈነዳል። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቤት ቧንቧዎችን በፈተኑበት ወቅት ያስተዋሉት አንዱ ነገር ይህ ነበር። ቧንቧው ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው በረዶው ባለበት ቦታ ሳይሆን ገና ፈሳሽ ውሃ ተጨንቆ በቆመበት በኩል ነው። በዚያው ሥራ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ፣ በአሜሪካኖቹ መለኪያ 20 ፋራናይት፣ ላልተሸፈነ ቧንቧ የማስጠንቀቂያ መስመር ተብሎ ተቀመጠ።

የኃይሉን መጠን ለመገመት ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ለገንዳ የሚቀበረው የተለመደው ባለ 2 ኢንች ነጭ የፒቪሲ ቱቦ የተሠራው፣ ውሃው ባልሞቀበት ሁኔታ፣ 280 ፒኤስአይ እንዲችል ነው። ይህ ከአየር ግፊት 19 እጥፍ ገደማ ነው። ፍጹም ታፍኖ መስፊያ ያጣ ውሃ ደግሞ እየቀዘቀዘ ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ ሲደርስ ከአየር ግፊት 2,000 እጥፍ ገደማ የሆነ ኃይል ማውጣት ይችላል። ከዚህ ጋር የሚፎካከር ቱቦ ጓሮ ውስጥ አይቀበርም። ባለሙያዎች ቱቦውን በማወፈር ፈንታ ውሃውን ማስወጣትን የመረጡት ለዚህ ነው።

«ጨው የሚጠቀም ገንዳ አይጋገርም» የሚሉም አሉ። ጨው የበረዶ መጀመሪያውን ዝቅ ማድረጉ እውነት ነው፤ መንገድ ላይ የሚበተነውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን የጨው ገንዳ በሊትር የሚይዘው 3 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ያ መጠን የበረዶውን ነጥብ ዝቅ የሚያደርገው ከሩብ ዲግሪ ባነሰ ነው። የጨው ገንዳና የክሎሪን ገንዳ በአንድ ሌሊት አብረው ይጋገራሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ግምት እንለፍ፤ «ጭልጥ አድርጎ ማፍሰስ» ወደሚለው። 10 ሜትር ርዝመት፣ 5 ሜትር ስፋትና በአማካይ 1 ሜትር ተኩል ጥልቀት ያለው ገንዳ 75 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ይህ 75 ቶን ነው። በዝናብና በበረዶ መቅለጥ ወራት ከገንዳው ውጭ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ይላል፤ ገንዳውንም ከሥሩ ወደ ላይ ይገፋል። ያንን ግፊት ተጭኖ የሚይዘው ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ውሃው ሲወጣ የኮንክሪቱ ገንዳ ጭነቱን እንዳራገፈ ጀልባ ይሆናል። ከመሬት ተነቅሎ ብቅ ያለ፣ በዙሪያው ያለውን ንጣፍ ሰባብሮ የተንጋደደ ገንዳ የተረት ነገር አይደለም፤ የገንዳ ሠሪዎች በየጊዜው የሚያዩት ኪሳራ ነው። ፋይበርግላስ የሆነው ደግሞ ቀላል ስለሆነ ይብሳል። የቪኒል ላስቲክ የለበሰው ባይነሣ እንኳ ውሃው ሲለየው ላስቲኩ ይኮማተራል፤ በብርድ ደርቆም ይቀደዳል።

እዚህ ላይ ስለ ኮንክሪቱ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። የብዙዎቹ የአሜሪካ ገንዳዎች ግድግዳ በሳንቃ ተወጥሮ የፈሰሰ ሳይሆን በቱቦ የተረጨ ሲሚንቶ ነው። የመርጫውን መሣሪያ የፈለሰፈው ካርል ኤክሌይ የሚባል የቺካጎ ሙዚየም ባለሙያ ነበር፤ ሥራው የሞቱ እንስሳትን ቆዳ በሕይወት እንዳሉ አስመስሎ ማቆም ነው። ለዚያ ሥራና የሙዚየሙን የተላላጠ ግድግዳ ለመለሰን ያሰበው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1911 የፈጠራ መብት አገኘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ያው ዘዴ እንደፈለጉ የሚጠማዘዝ ገንዳ በቀላሉ ለመሥራት አስቻለ። ቶማስ ቸርች የተባለው የአትክልት ሥፍራ ነዳፊ እ.ኤ.አ. በ1948 በካሊፎርኒያ፣ በሶኖማ፣ በዶኔል ቤተሰብ ርስት ላይ የነደፈው የኩላሊት ቅርጽ ያለው ገንዳ የዚያ ዘመን ምልክት ሆነ። ሶኖማ ብርዱ ለስላሳ ነው። ፋሽኑ ወደ ሰሜን ሲዘልቅ ግን ቱቦው ውርጭ ወዳለበት መሬት ገባ። በሰሜን ሚኔሶታ የሕንፃ ደንቡ መሠረት ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ዘልቆ እንዲቆፈር ያዛል፤ ብርዱ እስከዚያ ስለሚወርድ። የገንዳ ቱቦ ያን ያህል ጠልቆ አይቀበርም። ገንዳ የመዝጋት ሙያ የተወለደውም በዚህ ልዩነት ነው።

መቼ ይዘጋ? የሠራተኞች ቀን የልማድ ቀን እንጂ የውሃው ቀን አይደለም። በሴፕቴምበር መጀመሪያ የዋሽንግተን አካባቢ ገና ይሞቃል፤ የሞቀ ውሃ ተሸፍኖ ሲቀመጥ ክሎሪኑ ይሟጠጣል፤ አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ልምላሜ ይወርሰዋል። ባለሙያዎች የውሃው ሙቀት ከ18 ዲግሪ፣ ማለትም ከ65 ፋራናይት፣ በታች እስኪወርድ መጠበቅን ይመክራሉ። ከዚያ በታች አልጌው ይሰንፋል። በሌላ በኩል ውርጩም ቀጠሮ አያከብርም። ከከተማው ወጣ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሠፈሮች የመጀመሪያው ውርጭ በኦክቶበር ሊመጣ ይችላል፤ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለው መሃል ከተማ ደግሞ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ይዘገያል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያሉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው ትክክለኛው ጊዜ። በእነዚያ ሳምንታት የገንዳ ሠራተኛ ስልክ አያርፍም። የውርጭ ማስጠንቀቂያ ከተሰማ በኋላ የሚደውል ሰው ወይ ወረፋ ይጠብቃል፣ ወይ በጥድፊያ የተሠራ ሥራ ይረከባል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ደግሞ ሲሮጡ ይፈታል።

ከመዝጋቱ በፊት ያለው ሳምንት የጽዳትና የኬሚካል ነው። ቅጠል ከሁሉ በፊት ይወጣል፤ ቅጠል ክሎሪን ይበላል፣ ሲበሰብስም ወለሉን እንደ ሻይ ያቀልማል። የውሃው ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.6 እንዲሆን ይደረጋል። አልካላይነቱ በሊትር ከ80 እስከ 120 ሚሊግራም፣ የካልሲየም መጠኑ በሊትር ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም ባለው ውስጥ እንዲገኝ ይመከራል።

የካልሲየሙ ነገር ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ምክንያቱም ሳይንሱ ከሚጠበቀው ተቃራኒ ነው። ስኳርና ጨው በሙቅ ውሃ ይበልጥ ይሟሟሉ፤ ካልሲየም ካርቦኔት ግን በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚሟሟው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ዊልፍሬድ ላንጀሊየር እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው ስሌት፣ ሙቀትን፣ ፒኤችን፣ አልካላይነትንና ካልሲየምን አንድ ላይ አድርጎ ውሃ ኖራን እንደሚጋግር ወይም እንደሚበላ የሚለይበትን መንገድ አሳየ። የእሱ ጉዳይ የከተማ ውሃ ቧንቧ ነበር፤ የገንዳ ሰዎች ግን ስሌቱን እስከ ዛሬ ይዘውት አሉ። በኦገስት ሚዛኑን የጠበቀ ውሃ ምንም ሳይነካ በጃንዋሪ የተራበ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ የራበው ውሃ ደግሞ የሚበላው የገንዳውን ልስን ነው። በፀደይ ወለሉ ሻክሮ፣ ልጆች እግራቸውን ሲያስፍቃቸው የሚታየው ለዚህ ነው።

ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል፤ ቱቦዎቹን ማድረቅ። ሥራውን ለመከተል የውሃውን መንገድ ማወቅ ያሻል። በገንዳው ግድግዳ አናት ላይ ስኪመር የሚባል አፍ አለ፤ ከገጹ ቅጠልና ነፍሳት ይስባል። በወለሉ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ዋናው መሳቢያ አለ። ከሁለቱ የሚመጣው ውሃ በቱቦ ወደ ፓምፑ፣ ከፓምፑ ወደ ማጣሪያው፣ ካለም ወደ ማሞቂያው ያልፋል፤ ከዚያ በግድግዳው ላይ ባሉት ትንንሽ አፎች ተመልሶ ይገባል። ሄዶ መጥቶ አንድ ዙር ነው። በዚያ ዙር ውስጥ አንድ ክንድ የሚያህል እርጥብ ቦታ ከቀረ ብርዱ ያገኘዋል።

በመጀመሪያ የገንዳው ውሃ ከስኪመሩ አፍ በታች እንዲወርድ ይደረጋል፤ ምን ያህል እንደሚወርድ የመሸፈኛው ዓይነት ይወስነዋል። ቀጥሎ ሠራተኛው ነፋሽ ሞተር ያመጣል። ብዙ አየር በዝቅተኛ ግፊት የሚነፋ መሆን አለበት። የመኪና ጎማ የሚነፋው ኮምፕሬሰር በጥንቃቄ ካልተያዘ ግፊቱ በዝቶ ቱቦውን ራሱ ሊጎዳ ይችላል፤ ከብርድ ላድንህ ብሎ መስበር ይሆናል። ነፋሹ ከፓምፑ በኩል ይገጠምና ይነሣል። ለጥቂት ጊዜ ምንም አይታይም። ከዚያ በግድግዳው ላይ ያለው የቅርቡ አፍ ይንፈቀፈቃል፤ ውሃው በአረፋ ይፈላል። አረፋው መጀመሪያ የሚያጉረመርም ከባድ ድምፅ አለው፤ በቱቦው ያለው ውሃ እያለቀ ሲሄድ ድምፁ ይቀልና ወደ ንጹሕ የአየር ጩኸት ይለወጣል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ዓይኑን ሳይሆን ጆሮውን ያምናል። አየሩ ሳይቆም እጁን ውሃው ውስጥ ይከትና የጎማ ውታፉን በአፉ ላይ ወትፎ የክንፉን ብሎን ያጠብቃል። አየሩ ወደ ሁለተኛው አፍ ይሻገራል፤ እዚያም ይንፈቀፈቃል። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። ነፋሹ ቀድሞ ከቆመ የገንዳው ውሃ ወደ ቱቦው ይመለሳል፤ ሥራውም እንደገና ይጀመራል።

የወለሉ መሳቢያ ሌላ ብልሃት ይፈልጋል። ሁለት ሜትር ተኩል ውሃ ሥር ነው፤ በኦክቶበር ብርድ ጠልቆ ውታፍ የሚያጠብቅ ሰው አይገኝም። ስለዚህ አየሩ እየተነፋ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ በሙሉ ወደ ገንዳው ይገፋል። ከመሃል ገንዳ ትላልቅ አረፋ ሲወጣ፣ ሠራተኛው ከላይ ያለውን ቫልቭ በዚያች ቅጽበት ይዘጋል። የታፈነው አየር ቱቦው ውስጥ ይቀራል፤ ውሃውም ወደ ላይ መመለሻ ያጣል። ከላይ እስከ ታች ደረቅ ሆኖ የሚከርመው በዚህ የአየር ቁልፍ ነው።

ስኪመሩ ደግሞ ዝናብ ሊሞላው ይችላል። ፕላስቲክ ስለሆነ በረዶ ሲጋገርበት በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ በኮንክሪት ውስጥ ስለተቀበረ መለወጡ የንጣፍ ቁፋሮ ያስከትላል። መድኃኒቱ ግን ርካሽ ነው። ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ እንዳይንሳፈፍ ጥቂት ጠጠር ተጨምሮበትና ክዳኑ ጠብቆ፣ ስኪመሩ ውስጥ ይቆማል። በረዶው ሲሰፋ ጠርሙሱን ይጨፈልቃል፤ ግድግዳውን ይተዋል። ለዚሁ ሥራ በመደብር የሚሸጥ ባዶ የላስቲክ ቱቦም አለ። ከመሬት በላይ በሚቆሙት ገንዳዎች መሃል በአየር የተነፋ ትራስ የሚንሳፈፈው በዚያው ምክንያት ነው፤ በረዶው ወደ ግድግዳው መግፋቱን ትቶ ትራሱን ይጫናል።

የማሽኑ ክፍል ሥራ ፈጣን ነው፤ ግን የሚረሳው እሱ ነው። ፓምፑ፣ ማጣሪያውና ማሞቂያው ከሥራቸው ትንንሽ የማፍሰሻ ቡሽ አላቸው። ፓምፑ ብዙ ጊዜ ሁለት አለው፤ አንዱን ከፍቶ ሌላውን የረሳ ሰው በፀደይ የተተረተረ ፓምፕ ያገኛል። የማሞቂያው የመዳብ ቱቦ ቀጭን ስለሆነ ትንሽ ውሃ ይበቃዋል፤ ዋጋውም ከሁሉ የከበደ ነው። የወጡት ቡሾች እንዳይጠፉ ሠራተኞች አንድ የቆየ ልማድ አላቸው። ሁሉንም በፓምፑ ቅርጫት ውስጥ ይጥሏቸዋል፤ በፀደይ ፓምፑን የሚከፍተው ሰው መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው።

አየር ሊደርስበት ያልቻለ ቱቦ ካለ የበረዶ መከላከያ ፈሳሽ ይፈስበታል። እዚህ ላይ መሳሳት አይፈቀድም። ለገንዳ የተሠራው ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው፤ እሱ በምግብ ፋብሪካም ይሠራበታል። ለመኪና ራዲያተር የተለመደው ግን ኤቲሊን ግላይኮል ነው፤ ጣዕሙ ይጣፍጣል፣ ሰውንም ውሻንም ድመትንም ይገድላል። ጋራዥ ውስጥ የተረፈውን የመኪና ፈሳሽ «ያው ነው» ብሎ ገንዳ ቱቦ ውስጥ ማፍሰስ አደጋ ነው።

በመጨረሻ መሸፈኛው ይመጣል። መሸፈኛ ቅጠል መከላከያ ብቻ ከመሰለ ዋናው ጉዳይ ተስቷል። በአሜሪካ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ ከማንኛውም የሞት ምክንያት የሚበልጠው መስጠም ነው። ገንዳው በተዘጋ ወራት ደግሞ የማንም ዓይን ወደ ጓሮው አይሄድም። በጠርዙ ላይ ውሃ በተሞላ ከረጢት ብቻ የተያዘ ተራ ሸራ ሕፃን ቢረግጠው ይሰምጣል፤ ከላይ ደግሞ ለመሬቱ ቀረብ ያለ ወለል ስለሚመስል ይጋብዛል። የደኅንነት መሸፈኛ የሚባለው ግን ሌላ ነው። በኮንክሪቱ ንጣፍ ላይ በተቀበሩ የነሐስ መልሕቆች፣ በጠፍርና በስፕሪንግ ተወጥሮ ይያዛል። ኤኤስቲኤም ኤፍ1346 የተባለው መመዘኛ ሰፊ ገንዳ ላይ ያለ መሸፈኛ 485 ፓውንድ፣ ማለትም 220 ኪሎ፣ እንዲችል ይጠይቃል። ስሌቱ ሁለት አዋቂዎችና አንድ ልጅ ነው፤ ልጅ ቢወድቅ ሊያወጡት የሚሮጡትም ይቆጠራሉ። ዝናቡ ከላይ እንዳይቋጠር የሚደረገውም ለዚሁ ነው፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የዝናብ ውሃ ለሕፃን በቂ አደጋ ነው።

ከደኅንነት መሸፈኛዎች መረብ የሆነው ዝናቡን ያሳልፋል፤ ቀለል ያለ ነው፤ ነገር ግን ብርሃንና ደቃቅ አፈር ስለሚያስገባ በፀደይ ውሃው ሊያረነጉድ ይችላል። ድፍኑ ውሃውን ንጹሕ አድርጎ ያከርማል፤ በላዩ የሚቆመውን ዝናብ ግን ትንሽ ፓምፕ እየሳበ ማውጣት አለበት። ሁለቱም ከሰማይ የሚወርደውን በረዶ ክብደት ብቻቸውን አይሸከሙም፤ ከሥራቸው ያለው ውሃና በላዩ የሚጋገረው በረዶ ይደግፋቸዋል። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ጠርዙን ገለጥ አድርጎ የውሃውን ልክ ማየት ይጠቅማል። ልኩ እየወረደ ከሆነ ገንዳው ያፈሳል፤ በቀጣዩ ከባድ በረዶም ሸራው ሊቀደድ ይችላል።

ከመሸፈኑ በፊት የሚታይ ሌላም ነገር አለ፤ ገንዳ ውስጥ የሚወድቁ ትንንሽ እንስሳት መውጫ ያጣሉ፣ በስኪመሩም ይሳባሉ። ሜሪላንዳዊው የዱር እንስሳት ባለሙያ ሪች ሜሰን ከገንዳ መውጣት ያቃታቸውን እንቁራሪቶች አይቶ ለእነሱ መውጫ የምትሆን ተንሳፋፊ መረማመጃ ሠርቷል። ስኪመሩ ከመዘጋቱ በፊት ቅርጫቱን ማየት የደግነት ብቻ አይደለም፤ የሞተ እንስሳ ውሃውን ያበላሻል።

ይህ ሁሉ ድካም ያስፈልጋል ወይ ለሚል ሰው ቴክሳስ መልስ አላት። በቴክሳስ ብርዱ አጭር ስለሆነ አብዛኛው ሰው ገንዳውን አይዘጋም። የአየሩ ሙቀት ወደ ዜሮ ሲጠጋ አንድ መቆጣጠሪያ ፓምፑን ያስነሣል፤ የሚንቀሳቀስ ውሃ ቶሎ አይጋገርምና ሌሊቱ ያልፋል። ዘዴው ለዓመታት ሠርቷል። በፌብሯሪ 2021 ግን ታላቅ ብርድ መጣ። በዳላስ በ16ኛው ቀን ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ደረሰ። የኤሌክትሪክ መረቡ ተንገዳግዶ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ጠፋባቸው። በክፍለ ግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት ቆጠራ 246 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ ሐዘን ጎን የገንዳ ነገር ትንሽ ነው፤ ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ቆመ፤ ፓምፑ ሲቆም ውሃው በቱቦው እንዳለ ቆመ፤ ከዚያም ፓምፕ፣ ማጣሪያና ማሞቂያ በየጓሮው ተሰነጠቀ። ጥገናው ሲጀመር የመለዋወጫ ዕቃ እጥረት ሆነ፤ ብዙዎች ለወራት ጠበቁ። በዚያ ሌሊት ገንዳቸውን ያተረፉት የኤሌክትሪኩን ማብሪያ ዘግተው፣ በባትሪ ብርሃን የማሽኖቹን የማፍሰሻ ቡሽ የፈቱት ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። በዳላስ ያለ ሐበሻም ይህንን ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ ቡሾቹ የት እንዳሉ በፀሐይ ቀን አይቶ ያስቀምጥ።

ሥራውን ለባለሙያ የሚሰጥ ሰው ምን መጠየቅ አለበት? «ዘግታችኋል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። የሚጠየቀው ስንት ቱቦ እንደተነፋ፣ ስንት ውታፍ እንደተወተፈ፣ የወለሉ መሳቢያ በአየር መቆለፉና የማሞቂያው ውሃ መውጣቱ ነው። ቁጥሩ በገንዳው ግድግዳ ላይ ካሉት አፎች ጋር መግጠም አለበት። ፏፏቴ፣ የመታሻ ገንዳ ወይም የጽዳት ሮቦት የተገጠመለት ገንዳ ተጨማሪ ቱቦ አለው፤ የሚረሳውም ያ ነው። ቤቱን በቅርቡ የገዛ ሰው የቱቦዎቹን ካርታ ከቀድሞው ባለቤት ይጠይቅ፤ ካልተገኘ በመጀመሪያው መዝጊያ ቀን ሠራተኛው ሲነፋ አጠገቡ ቆሞ የትኛው ቫልቭ የትኛውን አፍ እንደሚያንፈቀፍቅ በስልኩ ፎቶ ያንሣ፤ በቫልቮቹም ላይ በቀለም ምልክት ያድርግ።

እንግዲህ ገንዳ ያላችሁ ታዳሚዎች፣ ቤታችሁ ስትመለሱ ሁለት ነገር አድርጉ። በግድግዳው ላይ ያሉትን አፎች ቁጠሩና ቁጥሩን ጻፉት። ከፓምፑ፣ ከማጣሪያውና ከማሞቂያው ሥር ያሉትን የማፍሰሻ ቡሾችም ፈልጋችሁ አግኟቸው። መሸፈኛችሁ ተራ ሸራ ከሆነና ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ሕፃን ካለ፣ ከሌላው ወጪ ሁሉ በፊት እሱን ለውጡ። የሠራተኛ ቀጠሮውንም የመጀመሪያው ውርጭ ከመነገሩ በፊት ያዙ።